ብቻችሁን ትችላላችሁ?

ረምላ እንድሪስ ጠዋት ላቦራቶሪ ስትገባ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ሰላም የምትለው አጋርን ነው። አጋር ከጣሪያው ላይ የወረደ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ የብረት እጅ ነው። ካልጨበጡት ደም የሚቀመጥበት የብርዱ ክፍል አይከፈትም። እጁን ባሕር ማዶ ተቀምጦ የሚያንቀሳቅሰው ሉካስ የሚባል ሰው ነው። ረምላ ከሱ ጋር ስትሠራ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ፊቱን ግን አይታው አታውቅም። ድምፁ በትርጉም መሣሪያ አልፎ ስለሚመጣ አማርኛው እንደ ዜና አንባቢ የጠራ ነው።

«እንደምን አደሩ ዶክተር ረምላ? ወንድምዎ አንዋር እንዴት አደሩ?»

«ትኩሳቱ አልለቀቀውም ሉካስ።»

«እጅግ አዝናለሁ። በሩን እንክፈት?»

በሩ ሁለት እጀታ አለው። አንዱን ረምላ፣ ሌላውን ብረቱ ይዘው እኩል ይስባሉ። አንዱ ከቀደመ በሩ መልሶ ይቆለፋል። ስለዚህ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ መሳብ የሠራተኛው ሁሉ የጠዋት ጸሎት ሆኗል። ከበሩ በላይ በወርቃማ ፊደል «አንድ እጅ አያጨበጭብም» የሚል ተጽፏል። የብርዱ ክፍል ኃላፊ ጥጋቡ ጽሑፉን ባየ ቁጥር «ማጨብጨቡስ ይቅር፤ በአንዱ እጃችን መታከክ እንኳ ቢፈቀድልን» ይላል። ድሮ ይስቁለት ነበር።

የሐሮ ሜዳ የጤና ምርምር ተቋም በከተማዋ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ያምራል። ከባሕር ማዶው ተቋም ጋር አጋርነቱ የተጀመረው የረምላ እናት ልጃገረድ ሳለች ነው። ያኔ ነገሩ ቀላል ነበር። የበሽተኛ ደም በበረዶ ታሽጎ ባሕር ማዶ ይሄድና የሌላ ሰው ስም ያለበት ጥናት ሆኖ ይመለሳል። ኋላ ሰው አጉረመረመ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ደማችሁ እዚያው እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሥራውንም እናስተምራችኋለን፣ የቻላችሁ ቀን ቁልፉን ትረከባላችሁ ተባለ። ከተማው በሬ አርዶ ተቀበለው። እነሆ ከዚያ ወዲህ ሁለት ትውልድ ተምሯል።

ዛሬ አጋር የሌለው ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ አጋር ትምህርት ቤት አለው። የከተማው እድር ሳይቀር አጋር እድር አለው፤ ድንኳን ሲተከል አንድ ስክሪን ተሸክመው ያመጡና ጥግ ላይ ያቆሙታል፣ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ጥቁር ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ይታያሉ። የከተማው ሰው ሲገናኝ ስለ ከብትና ስለ ልጅ ከተጠያየቀ በኋላ «ደረጃችሁስ?» ይባባላል። «ያው እዚያው ነን» ይላል ሌላው። «አይ፣ ሁሉም በጊዜው ነው።»

የተቋሙ ደረጃ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተቋም መድኃኒት መሥራት ይችላል፤ ለልምምድ ብቻ። አራተኛ የደረሰ የሠራውን ለራሱ በሽተኛ ይሰጣል። በአገሩ አራተኛ የደረሰ አለ ሲባል ይሰማል፤ ያየው ሰው ግን አልተገኘም።

ሸለቆው ረግረግ ከሆነ ወዲህ በየክረምቱ ማብቂያ የሚነሳው ትኩሳት ሁለተኛ ሳምንቱን የሚያሻግረው ጥቂቱን ሰው ነው። የተሻገረው ግን መድኃኒቱን በደሙ ውስጥ ይዞ ይነሳል። ከዳኑት ሰዎች ደም ያን መድኃኒት፣ ሴረሙን፣ አጣርቶ ማውጣት እነ ረምላ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ሥራ ነው። በየወሩ ይሠሩታል። ጠርሙሶቹ ትሪው ላይ ተደርድረው ሲያልቁ ሉካስ «ጥራቱ እጅግ የላቀ ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ከዚያ የብረቱ እጅ በቀጭን መርፌ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ክዳን ወግቶ ማምከኛ ይጨምርበታል። ጥርት ያለው ፈሳሽ እንደ ወተት ይነጣል። ጥጋቡ ወስዶ ይደፋዋል። ሰርቆ ማውጣት ያልታሰበ አይደለም፤ ጠርሙሱ ካልመከነ ግን ከትሪው አይላቀቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ከተማው ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ላቦራቶሪው ውስጥ መድኃኒት ይደፋል፣ ሁለቱም በደንብ ነው የሚሠሩት።

አጋሩ ተቋም ራሱ የሚሠራው ሴረም ይመጣል፤ ይመጣል ግን በተራ ነው። የሐሮ ሜዳ ተራ በጋው ከገባ በኋላ ነበር። አንዋር ደግሞ ትኩሳቱ ከያዘው ሳምንት ሊሞላው ነው።

አንዋር የረምላ ታናሽ ወንድም፣ የረግረጉ ጀልባዎች ሞተር ጠጋኝ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት አልጣለም ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ አልፈለገችምም፤ አንዱ ይበቃኛል ትል ነበር። አሁን ያ አንዱ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል። ሚስቱ ዘይነባ እርጥብ ጨርቅ ትቀይርለታለች። ረምላ በየማታው ገብታ ግንባሩን ትዳስሰዋለች፤ በየጠዋቱ ሄዳ እሱን የሚያድነውን መድኃኒት ትሠራለች።

ተስፋ የመጣው ከሉካስ አፍ ነው፤ እሱም ሳያስበው። የአቅም ቀን እየቀረበ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ አጋሩ ተቋም በትልቁ ስክሪን ብቅ ብሎ ሠራተኛውን አንድ በአንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ሚዛን የሚሉት መሣሪያ ይመዝነዋል። ረምላ ጠርሙስ እያጠበች «ዘንድሮስ ምን ይጎድለን ይሆን?» አለችው፤ እንዲሁ ለወሬ።

«ሥራችሁ ምንም አይጎድለውም» አለ ሉካስ። «በሥራ ለአራተኛ ደረጃ ከበቃችሁ ቆይታችኋል። ግን ያለ አጋር ብቻችሁን ትችላላችሁ ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ እንደማትችሉ ትናገራላችሁ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

«ሁላችሁም። ዓምና እርስዎ ‹በእናንተ እርዳታ እንሞክራለን› አሉ። አቶ ጥጋቡ ‹እኛ ምን እናውቃለን› አሉ። ሚዛኑ የሰማውን ነው የሚመዝነው።»

ረምላ ጠርሙሱን አስቀመጠች። ሁለት ትውልድ! ሁለት ትውልድ ሙሉ እንግዳ አክብረው፣ አንገታቸውን ሰብረው የመለሱት መልስ ነው መሰላሉ ላይ የቸነከራቸው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ እንባዋ። በበነጋታው ሠራተኛውን ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ ሰበሰበች።

«ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው» አለቻቸው። «‹እንችላለን።› በቃ። ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ። ጥጋቡ፣ ያለ አጋር ብቻችሁን ትችላላችሁ?»

«እግዚአብሔር ከረዳን…»

«ቁም። ሚዛኑ እግዚአብሔርንም አጋር ብሎ ነው የሚቆጥረው።»

«እንግዲህ እሱንም ካባረርነው ማን ሊቀረን ነው?» አለ ጥጋቡ። ሰው ሳቀ።

«ኢንሻላህም ያው ነው» አለች ረምላ። «እኔም በልቤ ነው የምላት። ሲስተር ዘውድነሽ፣ ትችላላችሁ?»

ሲስተር ዘውድነሽ ደም በመቅዳት ያረጀች፣ ሕፃን ሳታስለቅስ የምትወጋ ሴት ናት። ተነሥታ ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንችላለን» አለች፤ ከዚያም ፊቷ ቀላና «ያው እንደ አቅማችን» ብላ ተቀመጠች።

«እንደ አቅማችን የለም!»

«ኧረ ነውር ነው ረምላዬ! ሰው እንዲህ ብሎ ደረቱን ነፍቶ እንዴት ይናገራል? አሳዳጊ የበደላቸው ይሉናል እኮ።»

«ይበሉን» አለች ረምላ።  «ስለ አንዋር ብላችሁ አንድ ቀን አሳዳጊ የበደለን እንሁን።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በየምሳው ተለማመዱ። በኮሪደር ሲተላለፉ ሰላምታቸው «ትችላለህ?» «እችላለሁ» ሆነ። ጥጋቡ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ወጡን ላሙቅልህ ወይ ብትለው «እንችላለን» ብሎ እንደመለሰ አወራ። እውነቱን ይሁን ሊያጫውታቸው አልታወቀም።

አንድ ሰው ይቀር ነበር። ደንቡ ከሠራተኛው ሌላ አንድ ምስክር ይፈልጋል፤ ተቋሙን ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ከሥራ የወጣ ታላቅ ሰው። ያ ሰው ፕሮፌሰር ይመር ናቸው፤ እነ ረምላ ጋሼ የሚሏቸው። ሁሉንም ያስተማሩ እሳቸው ናቸው፤ ረምላን ደግሞ ገና በትምህርት ቤት ልብሷ ነው አግኝተው ማይክሮስኮፕ ያስጨበጧት። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለዋት አያውቁም። ሲደሰቱባት ዝም ይላሉ፤ ሲቆጧትም ዝም ይላሉ። ሁለቱን ዝምታ ለይታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ግቢያቸው ስትደርስ ሎሚ ሥር ተቀምጠው ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር። ሬዲዮኑን ዘጉላት።

«አንዋር እንዴት ዋለ?»

«እየደከመ ነው ጋሼ። የአቅም ቀን ከነገ ወዲያ ነው። የዚያን ዕለት የምንሠራው ሴረም ትሪው ላይ ይቆያል። ካለፍን ሳይመክን በቀጥታ ለሱ ነው የሚሰጠው። ካላለፍን…»

«ይደፋል» አሉ።

«ይደፋል። እርስዎን የሚጠይቁዎት አንድ ነገር ነው። ብቻቸውን ይችላሉ ወይ ይላሉ።»

«ይችላሉ» አሉ ጋሼ ይመር። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። «እሱን ለማለት ነው እንዴ የመጣሽው? ከቻላችሁ ቆያችሁ እኮ።»

ረምላ ይህን ሰምታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል «ተይ፣ ተይ» ብለው ትከሻዋን ይዘው አነሷት። ወደ አንዋር ቤት ስትሄድ መንገዱ አጠረባት። ዘይነባን በር ላይ አግኝታ አቀፈቻትና «አብሽሪ» አለቻት፤ «ከነገ ወዲያ አብሽሪ።»

የአቅም ቀን ሰዉ የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከስክሪኑ ጎን ሚዛኑ ተሰቅሏል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ ነገር ነው፣ አንድ መርፌ አለው፣ መርፌው ሦስት ላይ ቆሟል። በስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃለኛዋ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ሴት ነበረች። ሴረሙ የዚያን ጠዋት ተሠርቶ ላቦራቶሪው ውስጥ ትሪ ላይ ይጠብቃል፤ የብረቱም እጅ አጠገቡ ይጠብቃል።

ጥጋቡ መጀመሪያ ተጠራ። «ይህን ሥራ ያለ አጋር ብቻችሁን መሥራት ትችላላችሁ?»

«እንችላለን።»

መርፌው ነቅነቅ አለ። ከኋላው ያሉት መሬት መሬቱን አዩ። ሲስተር ዘውድነሽ ተጠራች፤ «እንችላለን» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ የተሳደበች ያህል። አንድ በአንድ ወጡ፣ አንድ በአንድ አሉት። አንዳንዱ ላብ አጠመቀው፤ አንዱ ግድግዳውን እያየ ተናገረ። አዳራሹ በሙሉ ሰው ፊት ልብሱን ያወለቀ ያህል አፍሮ ነበር። መርፌው ግን ይወጣል። ረምላ ስትጠራ ስለ ራሷ አላሰበችም፤ አንዋርን አሰበችና «እንችላለን» አለች። መርፌው አራትን ነካ።

ጥጋቡ ክንዷን ጭምቅ አደረጋት። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማችው።

«አሁን ምስክሩን እንሰማለን» አለች ወጣቷ። ጋሼ ይመር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ወጣቷ እሳቸውን ስታይ ፊቷ በራ። ከልቧ ነበር፤ በዚህ ማንም አያማትም። «ፕሮፌሰር ይመር፣ እነዚህን ሁሉ ያፈሯቸው እርስዎ ነዎት። በጎበኘናቸው ተቋማት ሁሉ እንደነዚህ ያሉ ድንቅ ተማሪዎች አላየንም። እጅግ ሊኮሩባቸው ይገባል። ያለ አጋር ብቻቸውን ይችላሉ?»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። ረምላ ፊታቸው ሲፈካ አየች። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ለእንግዶቹ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ምን አላቸው፤ ገና ልጆች ናቸው» አሉ። «እናንተ ባትኖሩላቸው የት ይደርሱ ነበር?»

በሐሮ ሜዳ ልጁ በእንግዳ ፊት የተመሰገነበት አባት ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። አዎ ጎበዝ ነው የሚል አባት ባለጌ ነው፣ ልጁንም ለክፉ ዓይን አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ጋሼ ይመርም ማንም አባት የሚለውን አሉ። በሎሚው ሥር ሲጠየቁ ያመሰገናቸው ሰው አልነበረም። ረምላ ሁሉን ነገር አለማምዳ ምስጋናን አላለማመደችም።

መርፌው ሦስት ላይ ወርዶ ቆመ።

ጋሼ ይመር የአዳራሹን ዝምታ ሰምተው ዞር አሉ። ምን እንዳሉ የገባቸው ያኔ ነው። «አይ… አይደለም፣ ይችላሉ! ይችላሉ ማለቴ ነው። ይቺ ልጅማ…»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ፕሮፌሰር፣ የመጀመሪያው መልስ ከልብ የሚመነጭ እንደሆነ እናምናለን» አለች ወጣቷ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለተኛው በአካባቢ ተጽዕኖ የሚሰጥ ነው። እርስዎንም በዚህ ልናስጨንቅ አንሻም። ሦስተኛ ደረጃ፣ ከላቀ ምስጋና ጋር። ለመጪው ዓመትም የምሥራች አለን። በራስ መተማመንን የሚያጎለብት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ተመድቦላችኋል።» አጨበጨቡ። ከልምድ የተነሣ አዳራሹም አጨበጨበ።

ረምላ አላጨበጨበችም። ወደ ላቦራቶሪው ሮጣ ገባች። የብረቱ እጅ መርፌውን ይዞ ትሪው ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ስትገባ ቀና አለ።

«ውጤቱን ሰምቻለሁ» አለ ሉካስ። «እጅግ አዝናለሁ ዶክተር ረምላ።»

«አንድ ጠርሙስ ሉካስ። አንዷን ብቻ እለፋት። ታውቀዋለህ እኮ፤ በየጠዋቱ እንዴት አደረ ትለኛለህ።»

«ሥልጣኑ የእኔ ቢሆን አላመነታም ነበር። የእኔ አይደለም። እኔም እዚህ ያለ ሁለተኛ ሰው ሳይፈቅድልኝ ይህን እጅ ማንቀሳቀስ አልችልም።»

ረምላ ዳር ያለችውን ጠርሙስ በሁለት መዳፏ ሸፈነቻት። ብረቱ ሌሎቹን አንድ በአንድ ወጋ፣ አንድ በአንድ ነጡ። የሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጇን እንዳይጎዳ በጣም ነበር የተጠነቀቀው። በሁለት ጣቶቿ መካከል የቀረች ቀጭን ክፍተት ፈልጎ መርፌውን ቀስ አድርጎ አስገባ። አላመማትም። ትሪው ጠርሙሷን ቀጭ አድርጎ ለቀቃት። መዳፏን ስትገልጥ ፈሳሹ ወተት መስሏል።

«ጥራቱ እጅግ የላቀ ነበር» አለ ሉካስ። ደንቡ ስለሆነ ነው ያለው፤ ቢሆንም ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ወይም የትርጉም መሣሪያው ይሆናል። ጥጋቡ ገብቶ ጠርሙሷን ከእጇ ወሰደላት፣ ሊደፋትም ሄደ።

አንዋርን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነቅቶ አገኘችው። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ አፉ ግን ያው የጀልባ ሠፈር አፍ ነበር።

«ምን አሉ እንግዶችሽ?»

«አመሰገኑን።»

«ወድቃችኋላ!» አለ። ሊስቅ ሞከረ። የሆነውን ነገረችው። ከሱ ደብቃ የኖረችው ነገር የለም፣ ይህንንም መደበቅ አልቻለችም። ስታወራው ቁጣዋ ገነፈለ። ሽማግሌውን ረገመች፣ ወጣቷን ረገመች፣ አሳዳጊዎቿን ሁሉ ረገመች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

«ጋሼ ይመርን እንዳትቀየሚያቸው» አላት። «እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምል። ባለፈው አንድ ባለጀልባ መጥቶ አንተ ነህ አሉ የሞተር ሊቁ ቢለኝ፣ ኧረ የምን ሊቅ፣ እንዲያው ብረት እየነካካሁ ነው አልኩት። ጀልባውን ይዞ ሌላ ጋ ሄደ!» አሁን ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ዘይነባ ውሃ ይዛ መጣች። ረምላ ጭንቅላቱን ደግፋ ያዘችው። ሲያርፍ «አብሽሪ እታለም» አላት፤ «ያንቺ እጅ አይደለም።» ልክ ነበር። የሷ እጅ አልነበረም፣ የማንም እጅ አልነበረም፤ ያ ነበር የሚያንገበግባት።

ሁለተኛውን ሳምንት አልጨረሰውም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቀበሩት። የረግረጉ ጀልባዎች ሞተራቸውን አጥፍተው በቀዘፋ ነበር የሸኙት። ጥጋቡ ከሬሳው ሥር አልወጣም። ሉካስ በተቋሙ በኩል ረጅም የሐዘን መልእክት ላከ፤ አማርኛው እንከን አልነበረውም።

ድንኳኑ ተተከለ፣ የአጋር እድር ስክሪንም ጥጉን ያዘ፤ ሁለቱ ጥቁር የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲህ፣ ወንዶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ተቀምጠዋል። ረምላ ከዘይነባ ጎን ምንጣፍ ላይ ናት። የሚገባው «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላል፣ እሷ «አሚን» ትላለች። ጋሼ ይመር ሲገቡ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ሲነሣላቸው፣ እሳቸው «በመሐመድ ተቀመጡ» ሲሉ ሰማች። ከአዳራሹ ወዲህ አላየቻቸውም ነበር። ልታያቸውም አልፈለገችም።

ዱዓው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው እንደ ወጉ የሟቹን ደግነት አነሣ። አንዱ የእጁን ሙያ፣ አንዱ ጨዋታውን አወሳ። ከዚያ ጋሼ ይመር መናገር ጀመሩ።

«እህቱን ነው የማውቃት» አሉ። «ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ያስተማርኩት እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ገና ተማሪ ሳለች በልጣኛለች። ባሕር ማዶ ተምሬአለሁ፤ እዚያም የሷን ዓይነት እጅ አላየሁም። ያ መድኃኒት ማለት ለሷ…» ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ለቅሶ ይሁን ሳል አልለየም። «ብቻዋን ትችል ነበር። ማንም አጠገቧ ሳይቆም ትችል ነበር። ከቻለች ስንት ዘመኗ! እኔ ነኝ፣ ይህቺ አፌ ናት…» ወንዶቹ «ይተዉ ጋሼ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» እያሉ ያባብሏቸው ጀመር። እሳቸው ግን አልተዉም፤ የዕድሜ ልክ ምስጋናቸውን ግድቡ እንደተናደ ውሃ ለቀቁት።

በሴቶቹ በኩል ሁሉም ወደ ረምላ ዞረ። «ማሻአላህ» አለች አንዲት ሽማግሌ፣ «እንዲህ ያለች ሴት ናት ለካ መሃላችን ያለችው።» ረምላ ይህን ቃል ከእኒያ ሰው አፍ ለመስማት ወጣትነቷን ሙሉ ጠብቃለች፤ አሁን ሲመጣ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።

ዘይነባ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ቀና ብላ ማንንም አላየችም ነበር። አሁን ቀና አለች። ፊቷን ወደ ረምላ አዞረች። ወቀሳ አልነበረባትም፤ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገችው።

«እውነታቸውን ነው?» አለቻት። «ብቻሽን ትችይ ነበር?»

 ሴቶቹ ሁሉ ሊሰሙ ያዩዋታል። ረምላ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ቃሉ አንድ ብቻ ነበር፣ በየምሳው ያስጠናችው፣ አዎን እችል ነበር የሚለው። ዘይነባ እሱን የመስማት መብት ነበራት።

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ዘይነባዬ» አለች። «እሳቸው ናቸው እንጂ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ዘይነባ ለአፍታ አየቻትና እንዳመነቻት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ምንጣፉ አቀረቀረች። ከመጋረጃው ወዲያ ሽማግሌው ገና እያመሰገኗት ነበር።